ካሜራውን ወደ ልጆቹ አዙሩት

ከኮሌጅ ተመርቆ መስከረም ላይ የሚመጣ ጀማሪ መምህር ዕቅድ ማውጣት አይቸግረውም። ሠንጠረዡን ያሰምራል፣ ዓላማውን ይጽፋል፣ ደቂቃውን ያከፋፍላል። የሚቸግረው ሌላ ነው። የባልደረባው ክፍል ውስጥ የኋላ ዴስክ ላይ አስቀምጣችሁ «ምን አየህ?» ብትሉት የሚነግራችሁ ያየውን ሳይሆን የፈረደውን ነው። «ጥሩ ትምህርት ነበር።» «ተማሪዎቹ በንቃት ተሳትፈዋል።» «መምህሯ በራስ መተማመን አላት።» እሺ፣ ማን ተሳተፈ? ምን ብሎ? ስትሉት ዝም።

እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባሉ ትምህርት ቤቶች የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ነኝ። ጉድኝት ማለት፣ አንድ ማዕከል ትምህርት ቤት አለ፣ በዙሪያው ሳተላይት የምንላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ጋ የሚኬደው በእግር ነው። በደንቡ መሠረት አዲስ መምህር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከመካሪ መምህር ጋር የሙያ ትውውቅ ያደርጋል። እንደማንኛውም መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ይሠራል። የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል፣ የእሱም ይታያል። ወረቀቱ ላይ ሸጋ ነው። መሬት ላይ ግን ምልከታ ማለት ቅጽ መሙላት ሆኖ ቆይቷል። «በጣም ጥሩ» ላይ ራይት፣ ፊርማ፣ ፋይል፣ አለቀ።

ይህን በቪዲዮ ለመቀየር ስንሞክር ብዙ ተንገላተናል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ጎድተናል። ሰሞኑን ሌሎች ጉድኝቶችም ሊጀምሩ እንደሆነ ሰማሁ። እኛ የገባንበት እንዳይገቡ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የደረሰን በፍላሽ የተጫነ ሞዴል ትምህርት ነበር። ከበላይ አካል የተላከ። ከተማ ያለ ትምህርት ቤት፣ ቀለም የተቀባ ክፍል፣ ዩኒፎርማቸው የተተኮሰ ልጆች፣ ፈገግታ የማይለያት መምህርት። ጀማሪዎቹን ሰብስበን በፕሮጀክተር አሳየናቸው። መሀል ላይ ዞር ብዬ ሳይ ግማሾቹ ደብተር አውጥተው ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እየገለበጡ ነው!

ሳቄ መጣ። ቆይቶ ግን ነገሩ ገባኝ። አንዳንዶቹ ሁለተኛ ደረጃን በፕላዝማ የተማሩ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃው የገባው የሳተላይት ትምህርት ማለቴ ነው። ስክሪኑ ያስተምራል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ያልደረሰ ቀረ፤ ፕላዝማ ማንንም አይጠብቅም። ለእነዚህ ልጆች ቪዲዮ የሚያስተምር እንጂ የሚመረመር ነገር አይደለም። የቀሩት ደግሞ እጃቸውን አጣምረው «የእኛ ክፍል እንዲህ አይደለማ» ብለው ዘጉት። እውነታቸውን ነው። የእነሱ ክፍል 70 ልጅ አለው፤ ዴስኩ ላይ አራት ይጠጋጋሉ፤ መስኮቱ ግማሹ በቆርቆሮ ተመቷል። ከዚያ ቪዲዮ ይዘው የወጡት የራሳቸውን ማነስ ብቻ ነበር።

ስለዚህ በሞዴል ትምህርት አትጀምሩ። ተራ ትምህርት አሳዩ። እዚያው ጉድኝት ውስጥ የተቀረጸ፣ ጭቃው ግድግዳ የሚታይበት፣ አንድ ልጅ ሲያስነጥስ የሚሰማበት። ሞዴሉ ኋላ ላይ ይደርሳል፤ ያኔ መገልበጡ ቀርቶ መተቸት ይጀምራሉ።

በነገራችን ላይ ማይክሮ ቲቺንግን ኮሌጅ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። አጭር ትምህርት አስተምሮ፣ ቅጂውን አይቶ፣ ተወያይቶ እንደገና ማስተማር። ብዙዎቻችን ጋ ሲደርስ ካሜራው ቀረና ጓደኞቻችን የ2ኛ ክፍል ልጅ መስለው የሚቀመጡበት ድራማ ሆነ። ሃያ ዓመት ያለፈው ጎረምሳ እጁን እያውለበለበ «መምህር እኔ! እኔ!» ሲል ምኑ ይታያል? ልጅ እንዴት እንደሚሳሳት የሚያሳየው ልጅ ብቻ ነው።

ከዚያ ራሳችን መቅረጽ ጀመርን። በስልክ ነው፤ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም። ስልኩን የክፍሉ ጀርባ ላይ አቆምንና ፊቱን ወደ ሰሌዳው አደረግነው። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቪዲዮው ሲታይ የልጆች ማጅራት እና አንዲት መምህርት። ውይይቱም ስለ እሷ ብቻ ሆነ። የእጅ ጽሑፏ፣ ድምጿ፣ አቋቋሟ፣ ሻርፗ ሳይቀር። አንድ ጀማሪ ስለ ጠመኔ አያያዟ ረጅም ንግግር አደረገ።

ያረመችን አንዲት አንጋፋ መካሪ ናት። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። እስኪያወሩ ጠብቃ «የልጆቹን ማጅራት እያያችሁ ስለ መማር ምን ታወራላችሁ?» አለች። በማግሥቱ ስልኩን ራሷ ወስዳ ከሰሌዳው ጎን፣ የፊት ጥግ ላይ፣ ፊቱን ወደ ልጆቹ አድርጋ አቆመችው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነሳም። የመምህሯ ድምፅ ይሰማል፣ አልፎ አልፎ እጇ ያልፋል፤ የሚታዩት ግን ልጆቹ ናቸው።

አቀራረጹ ላይ ብዙ ነገር በግድ ተምረናል። ክፍሎቻችን ጨለማ ናቸው፤ ስለዚህ ከሁለቱ የፊት ጥጎች መስኮቱ ያለበትን ምረጡ፤ ብርሃኑ ከካሜራው ኋላ ይምጣ። መስኮቱ ከፊት ከሆነ ልጆቹ ጥላ ብቻ ይሆናሉ። ስልኩን በረራ ሞድ ላይ አድርጉት፤ በቀረጻ መሀል ስልክ ተደውሎ የተቋረጠብን ትምህርት ያንገበግበኛል። ማቆሚያው የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ጠጠር የተሞላ የዘይት ጀሪካን ላይ ተክለን ስልኩን በላስቲክ እናስረዋለን። ልጆቹ መጀመሪያ ካሜራውን ያያሉ፣ ይስቃሉ፣ ፀጉር ያስተካክላሉ። እንጨቱን ከነስልኩ ሳትቀርጹ ጥቂት ቀን እዚያው ተዉት። ይሰለቻቸውና ይረሱታል።

ዝናብ ሌላው ጣጣ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ቀረጻውን ከኅዳር በኋላ ብታደርጉት ይሻላል። ደግሞ ዝናብ የበላውን ቪዲዮ አትጣሉት። እኛ አንዱን ድምፁን ዘግተን አየነው፤ የልጆቹን ፊት እንደዚያ ቀን አይተነው አናውቅም።

ርዝመቱ ከ5 ደቂቃ አይለፍ። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ካሳያችሁ ሰው ይተኛል፤ ወይም መብራት ይጠፋል። ፕሮጀክተርም ተዉት። ቻርጅ የተደረገ አንድ ላፕቶፕ፣ በዙሪያው አምስት ስድስት ሰው፣ ትንሽ ስፒከር። በቃ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ዓይናችንን የገለጠልን አንድ የ3ኛ ክፍል የሒሳብ ቁራጭ ነው። አራት ደቂቃ ገደማ ይሆናል። መምህሯ በመበደር መቀነስን አንድ ምሳሌ ሠርታ አሳየች። «ገባችሁ?» አለች። «አዎ መምህር!» ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ከዚያ 52 ሲቀነስ 27 ብላ ጻፈች። ልጆቹ አጎንብሰው ጻፉ። እሷ በዴስኮቹ መሀል እያለፈች የፊት ለፊቶቹን «ጎበዝ፣ ጎበዝ» አለች። አንድ ልጅ ወጥቶ ሰሌዳ ላይ 25 ብሎ ሠራ። ተጨበጨበ። አለቀ።

ጀማሪዎቹ ያዩትን እንዲጽፉ አደረግን። ሁሉም ማለት ይቻላል «ተሳትፎ ከፍተኛ ነው»፣ «የትምህርቱ ዓላማ ተሳክቷል» ብለው ጻፉ። እኔም ቅጹን ብሞላ እዚያው ላይ ራይት ነበር የማደርገው።

ሁለተኛ ስናየው ለእያንዳንዱ አንድ ልጅ ሰጠነው። አንተ ያንን ጋቢ የለበሰውን። አንቺ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ዴስክ ላይ ያለችውን፣ ቢጫ ሹራቧን። ሌላ ማንንም አትዩ። ቢጫ ሹራቧ «አዎ መምህር!» ስትል አፏ ከሁሉም እኩል ይከፈታል። ዓይኗ ግን የጎረቤቷ ደብተር ላይ ነው። ጎረቤቷ በክንዷ ሸፈነችባት። ትንሽ ቆይታ የሆነ ነገር ጻፈች። መልሱ ሰሌዳው ላይ ሲወጣ ጣቷን በምራቋ አርሳ ፈተግ ፈተግ አደረገች፣ እንደገና ጻፈች፣ ከሁሉም ጋር አጨበጨበች።

ደብተሮቹን ከክፍለ ጊዜው በኋላ ፎቶ አንስተን ነበር። ይህን አትርሱ፤ ቪዲዮ ያለ ደብተር ግማሽ ነው። የእሷ ደብተር 25 ይላል። ከሥሩ ግን በደንብ ያልጠፋ 35 ይታያል።

35 ከየት መጣ? እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቁመን ብዙ ተጨቃጨቅን። «ገምታ ነው» አለ አንዱ። «ሰነፍ ናት» አለ ሌላው። ቢጫ ሹራቧን ስትከታተል የነበረችው ጀማሪ ግን ወረቀት ላይ እየሞከረች ነበር። ድንገት «ከትልቁ ትንሹን ነዋ!» አለች። ከ7 ላይ 2 ሲነሳ 5፣ ከ5 ላይ 2 ሲነሳ 3። ልጅቱ አልገመተችም። የራሷ ሕግ አላት፤ ከላይ ይሁን ከታች፣ ከትልቁ ቁጥር ትንሹን ቀንስ የሚል። መበደር የሚባለው ነገር ከነጭራሹ አልደረሳትም።

ጋቢ የለበሰውን ሲከታተል የነበረው ጀማሪ ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ የእኔም ተማሪዎች እንዲህ ነው የሚጽፉት እኮ። ቸኩለው ነው እያልኩ ነበር የማርመው።»

የቄስ ትምህርት ቤት የኔታን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሁሉም ልጅ የየራሱን እየጮኸ ያነባል፤ እሳቸው ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን የጨፈኑ መስለው፣ የአንዱን ልጅ ስሕተት ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ለይተው «መልስ!» ይላሉ። እኛ ደግሞ በተቃራኒው፣ ጫጫታው ደመቅ ካለ ትምህርቱ ሰመረ እንላለን።

ከዚያ ወዲህ የምንሠራበት ወረቀት ሦስት ዓምድ ብቻ አለው። ያየሁት፣ የገመትኩት፣ የምጠይቀው። «አልገባውም» የመጀመሪያው ዓምድ ውስጥ አይገባም፤ ግምት ነው። «እርሳሱን አላነሳም፣ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ አየ» ይገባል። ጥሩ፣ ደካማ፣ ንቁ፣ ሰነፍ የሚባሉትን ቃላት በመጀመሪያው ዓምድ ከለከልናቸው። የጻፈ ሰው የዕለቱን ቡና ያፈላል። መጀመሪያ ሰሞን ቡና በየተራ ሳይሆን በየደቂቃው የሚፈላ መስሎን ነበር።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ጽፎ ሳይጨርስ ማንም እንዳይናገር። ሲናገሩም ከታናሽ ጀምሩ። እኛ አገር ታላቅ ከተናገረ ታናሽ ምን ይላል? «ልክ ነው» ይላል። ሱፐርቫይዘሩ አስተያየት ከሰጠ ውይይቱ ሞቷል። እኔ አሁን መጨረሻ ላይ ነው የምናገረው፤ ብዙ ጊዜ ሳልናገርም ቡናው ያልቃል።

ሰዓት መያዝም ሞክሩ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከዓመታት በፊት እንዳሳየችው፣ መምህር ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነው። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቅ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ የሚመልሱትም ይበዛሉ። ይህን በንግግር ብትነግሩት ጀማሪው «እሺ» ይላል፤ ነገም በ1 ሰከንድ «እሺ ሌላ ሰው?» ይላል። የገዛ ቪዲዮውን ከፍቶ ሰከንዱን ሲቆጥር ግን ደነገጠ። አንዱ «የምጠይቀው ልጆቹን ነው ወይስ ራሴን?» ብሎ አስቆናል።

አሁን ደግሞ የማልወደውን ልናገር።

ነገሩ ደራ ባለበት ሰሞን አንድ ጀማሪ ከቪዲዮዎቹ አንዱን የኮሌጅ ጓደኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ክፋት አልነበረበትም፤ «ለትምህርት ይሆናቸዋል ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ሌላ ግሩፕ ገባ። አንድ የማናውቀው ሰው መምህሯ ቃል የተሳሳተችበትን ጥቂት ሰከንድ ቆርጦ የሳቅ ምልክት ደረደረበት። መምህሯ የሰማችው ደብረ ማርቆስ ካለች እህቷ ነው። «አንቺ፣ ቲክቶክ ጀመርሽ እንዴ?» ብላ ደውላላት።

በማግሥቱ አንድ አባት በትር ይዞ ግቢ ገባ። ልጁ በቪዲዮው ላይ ነበር። «ቁምጣው ተቀዶ አገር አየው። ማንን አስፈቅዳችሁ ነው?» አለ። ምን መልስ አለን? አስፈቅደን አናውቅም። እኛ መምህሯ ከተስማማች የሚበቃ መስሎን ነበር።

መምህሯ ክፍሏን ዘጋች። ሌሎቹም ተከተሏት። ካሜራ ቀርቶ መካሪ እንኳ ሲመጣ ፊት ይጠቁራል። ሥራው ያኔ ቢያበቃ ማንም አይፈርድም ነበር።

ርዕሰ መምህሩ፣ እትዬ እና እኔ፣ ሁለት ሽማግሌ ጨምረን ቤቷ ሄድን። ቪዲዮውን የለጠፈው ልጅም አብሮን ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። እሷ ለእሱ ምንም አላለችውም። ወደ እኛ ዞራ «እኔ የሰጠኋችሁ እንድትማሩበት ነው። መሳቂያ እንድታደርጉኝ አይደለም» አለች። ከዚያ፣ እንቀጥል ካላችሁ በዚህ ነው ብላ ቅድመ ሁኔታዋን ዘረዘረች። ዛሬ የምንሠራበት ደንብ የእሷ ነው። አንድ ቃል አልቀየርነውም ማለት ይቻላል።

የሚቀረጸው ሲም በሌለው አንድ የጉድኝት ስልክ ብቻ ነው። ቪዲዮ በሚታይበት ክፍል የማንም ስልክ አይገባም፤ በሩ ላይ ሰፌድ አለ፣ እዚያ ይቀመጣል፣ የእኔም ጭምር። የተቀረጸችው መምህርት ከማንም በፊት ብቻዋን ታየዋለች፤ ካልወደደችው ታጠፋዋለች፣ ለምን ብሎ የሚጠይቃት የለም። ቪዲዮው ለሥራ አፈጻጸም ውጤት ፈጽሞ አይውልም። ይህቺን ካላላችሁ እውነተኛ ትምህርት አታገኙም፤ ከሳጥን የወጣ ፖስተር እና የተጠና መልስ ነው የሚቀረጽላችሁ። ወላጆች በወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ስብሰባ ይጠየቃሉ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ቪዲዮ እያሳየን እናስረዳለን። እምቢ ያለ ወላጅ ልጅ ካሜራው በማይደርስበት ወገን ይቀመጣል፣ ትምህርቱ አይቀርበትም። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋል፣ መምህራኑ እያዩ።

ያ በትር ይዞ የመጣው አባት አሁን የወመህ አባል ነው። ስብሰባ ላይ ከእኛ ይልቅ እሱ ነው የሚጠይቀን፤ «ያለፈውን ዓመት አጠፋችሁ?» እያለ።

ከዚያ በኋላ አመኔታው እንዲመለስ ያደረግነው ሌላው ነገር መጀመሪያ መቀረጽ ያለበት ሱፐርቫይዘሩ ነው ማለታችን ነው። የ4ኛ ክፍል አማርኛ አስተማርኩና ቪዲዮዬ ለጀማሪዎቹ ተከፈተ። የክፍሉን ዴስኮች ወረቀት ላይ ሥለው፣ ስም በጠራሁ ቁጥር ነጥብ እያደረጉ ተከታተሉኝ። ነጥቦቹ ከፊት ሁለት ረድፍ እና ከመሀሉ መተላለፊያ አልወጡም። የግራው ጥግ ባዶ ነው። ትንሿ ጀማሪ ጉሮሮዋን ጠርጋ «ጋሼ፣ ያቺን ልጅ ሦስት ጊዜ እጇን አውጥታ ዘለዋታል» አለች። አንቱታዋ ሳይጓደል በደንብ አድርጋ ነገረችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለመቀረጽ የሚመጣ ሰው አላጣንም።

ቪዲዮ ላይ ብቻ ግን አትቅሩ። ላፕቶፕ ላይ በደንብ ማየት የለመደ ጀማሪ እውነተኛ ክፍል ሲገባ እንደገና ይጠፋበታል፤ ሁሉ ነገር አንዴ ብቻ ያልፋል፣ ማቆም የለም። ስለዚህ ቪዲዮ ባየንበት ሳምንት እያንዳንዱ ጀማሪ የመካሪውን ክፍል ገብቶ አንድ ልጅ ብቻ ለ10 ደቂቃ ያያል። አንድ ልጅ፣ 10 ደቂቃ፣ ሦስቱ ዓምዶች። ከዚያ በኋላ ሁለት ልጅ። የሚቸኩሉት ሁሉንም ልይ ብለው ማንንም ሳያዩ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ያዩትን ልጅ ደብተር እንዲያገላብጡም ንገሯቸው፤ ከልጁ ጋር ሁለት ቃል ቢነጋገሩ ደግሞ የተሻለ። ሦስተኛው ዓምድ ለዚያ ነው የተሠራው።

ስልክ የሌለው ጉድኝት ካለ የዴስኩን ካርታ በእጅ ሥሎ መጀመር ይችላል። ነጥብ ለማድረግ እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። እኛም መብራት ለሳምንት ሲጠፋ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ቅጹ? አሁንም ይፈለጋል። በየሴሚስተሩ እንሞላለን፣ እንፈርማለን፣ እንልካለን። ሦስቱን ዓምዶች ጀርባው ላይ እንጽፋቸዋለን። ወረቀት ውድ ነው።